የኦቦ ሆራ ሽቦ

ጥር 14 ቀን 1983፣ ናዝሬት

ዶክተር ገሠሠ የባትሪዎቹን ሳጥን ዛሬ ከፈተልን። ነርስ ጓደኛዬ ሀጂራ መቼም አፏ አያርፍም፤ «እኔ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የምንይዘው ባትሪ መጣልን ብዬ ደስ ብሎኝ!» አለች። እሱም ከት ብሎ ሳቀ። እዚህ ሆስፒታል ከተመደበ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩን ለራሴ እንዲገባኝ ልጻፈው። ባትሪዋ የኪስ ሰዓት ታህላለች። ደረት ላይ ቆዳ ሥር ትቀበራለች። ከእሷ የሚወጣው ሽቦ በደም ሥር ሄዶ ልብ ውስጥ ይገባና ልብን ይቀሰቅሳል። እስከ ዛሬ የሚደረገው ልባቸው እየዘገየ ለሚመታ ሰዎች ነበር። ዶክተሩ ግን ልባቸው ለደከመ፣ እግራቸው ላበጠ፣ መድኃኒት አልበቃ ላላቸው ሊያደርገው ነው። የሽቦው ጫፍ የት ይረፍ? ታች የልብ ጫፍ ላይ ነው ወይስ ከፍ ብሎ መሀል ግድግዳው ላይ? «ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም» አለን። «እኛ እናውቃለን።» እኛ! ቤቴ እስክገባ ይቺኑ ቃል ስደጋግም መጣሁ።

እያንዳንዱ ሕመምተኛ አንዱ ቦታ ላይ ጥቂት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ ሽቦው ወደ ሌላው ቦታ ይዛወርና በየትኛው እንደተሻለው ይታያል። በየትኛው እንደሚጀምር የሚለየው በዕጣ ነው። «ሙከራ መሆኑ ለሁሉም በደንብ ይነገር፤ እምቢ ያለ አይገደድም» ብሏል። ሕመምተኞቻችን አብዛኞቹ ከመቂና ከአርሲ በኩል የሚመጡ ናቸው፤ እሱ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፣ ኦሮምኛ አይሰማም። «ቋንቋውን አንቺ ትይዢልኛለሽ፣ ሲስተር እልፍነሽ» አለኝ። ሀጂራም እኮ ትችላለች። እኔን ነው ያለው።

ጥር 19

የመጀመሪያው ሕመምተኛ ዛሬ ገቡ። ኦቦ ሆራ ይባላሉ፣ የዓለም ጤና ከተማ ሰው፣ ሽንኩርት አምራች። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋልና ተቀምጠው ማደር ከጀመሩ ሰንብተዋል። ሚስታቸው አዴ ዘርፉ ከመናኸሪያ በጋሪ ይዘዋቸው መጡ። ሰውየው በዚያ ትንፋሻቸው ላይ ቀልደኛ ናቸው፦ «ስንት ዘመን ሽንኩርት ስነግድ ያላለቀስኩ ሰው የእናንተ ደረጃ አስለቀሰኝ» አሉ። አማርኛቸው ዋጋ ለመከራከር ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ወደ ኦሮምኛቸው ይመለሳሉ።

ዶክተሩ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ሙከራ ነው። ሊጠቅም ይችላል፣ ላይጠቅምም ይችላል። ተሽሎዎት ሳለም ቦታው ይቀየራል። እምቢ ቢሉ ማንም አይቀየምዎትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

እኔም በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ስለ ባትሪዋ፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ሁሉም። «ኢሲን ያላ» አልኳቸው። እናክምዎታለን። እንሞክራለንም ማለት እኮ ነው! በእናቴ ቋንቋ ማከምና መሞከር አንድ ቃል ነው፤ እኔ አልፈጠርኩት። ሁለቱንም ብያለሁ ማለት ነው።

ኦቦ ሆራ እጄን ጨብጠው «ኤዬ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ እሺ ልጄ ማለታቸው ነው። አዴ ዘርፉ ዝቅ ብለው የዶክተሩን ጉልበት ሊስሙ ሲሉ ደንግጦ አነሳቸው።

«ገባቸው?» አለኝ።

«ገብቷቸዋል» አልኩት።

ጥር 22

ዕጣው «ላይ» ወጣላቸው። ራጁ ሥር ስንቆም ልቤ ከሳቸው ልብ ብሶ ይመታ ነበር። ሽቦው ሁለቴ ተንሸራተተ፣ በሦስተኛው ያዘ። ዶክተሩ ግንባሩን ጥረጊልኝ አለኝ። ጠረግሁለት። ደክሞኛል፣ ልተኛ።

የካቲት 3

ኦቦ ሆራ ጋደም ብለው ተኙ! ጠዋት ስገባ በጀርባቸው ተዘርግተው ሲያንኮራፉ አገኘኋቸው፤ ሞቱ ብዬ ክው ብዬ ነበር። የእግራቸው እብጠት ጎድሏል። እስከ ግቢው በር ሄደው ከዘበኛው ጋር ስለ ዝናብ ተከራክረው ተመለሱ። አዴ ዘርፉ ማሳው እንዳይበላሽ ብለው ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ሲሄዱ ያላሉኝ ምርቃት የለም። ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ በጣቱ ወደ ላይ ጠቆመ። ላይኛው ቦታ ማለቱ ነው። እኔም በጣቴ ወደ ላይ ጠቆምኩ። የሕፃን ሥራ ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

የካቲት 7

ከሀጂራ ጋር ተጣላን። ሻይ ልንጠጣ ተቀምጠን ሳለ ድንገት፦

«ለኦቦ ሆራ የነገርሻቸው ቀን በሩ ላይ ነበርኩ። ሰምቼሻለሁ።»

«ምን?»

«'ኢረቲ' የምትለዋን የት አደረስሻት?»

የምትለው ገብቶኛል። ኢሲን ያላ ቢሏቸው ሊታከሙ ነው። ኢሲን ኢረቲ ያላ ቢሏቸው ግን በእርስዎ ላይ ልንሞክር ነው ማለት ይሆናል፤ ያኔ ማንም ሰው ይነቃል። ይቺ በአማርኛ «ላይ» የምትሆነው ኢረቲ ናት ሁሉን የምትለየው።

«ሰውየው ፈርተው ቢሄዱ ተቀምጠው እያደሩ ይሞቱ ነበር። ይኸው ተኝተው እያደሩ ነው!» አልኳት።

«እሱ ሌላ። እኔ የምልሽ ቃሏን ዋጥሻት ነው። ደግሞ 'እሱ' እያልሽ የምታወሪው ስለ ማን ነው? ዶክተሩን አንቱ ማለት መቼ ተውሽ?»

ብርጭቆዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። ምን አገባት! ሰው ፊት እርስዎ እለዋለሁ። ለራሴ ስጽፍም አንቱ ማለት ሊኖርብኝ ነው እንዴ?

የካቲት 26

ሽቦ የገባላቸው አራት ሰው ሆነዋል። አንዷ፣ ከአርሲ የመጣችው ሴት፣ ሞተች፤ እሷ መጀመሪያም ልቧ አልቆ ነበር፣ ዶክተሩም ይህንኑ ብሏል። ሬሳዋን ከወሰዱ በኋላ እሱ ለሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። እኔም አልበላሁም።

ለእሷም ያው ቃል ነው ያልኳት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የምናገረው፤ አድልዎ የለበትም።

መጋቢት 5

የኦቦ ሆራ መዛወሪያ ደረሰ።

«ዶክተር፣ እሳቸውን እንኳ ቢተዋቸውስ? ድነዋል እኮ» አልኩት። ይህን ማለቴን እዚህ መጻፍ እፈልጋለሁ። ብዬዋለሁ።

የኦቦ ሆራን ካርድ ከፍቶ አገላበጠው። ከዚያ «የተሻለውን ሁሉ ባለበት ከተውነው ለምን እንደተሻለው መቼም አናውቅም። የሌሎቹም ስቃይ ለከንቱ ይሆናል» አለ። ፊቱ ገርጥቷል። «ግን ጠይቂያቸው። ደህና መሆናቸውን፣ ሲዛወር ሊብስባቸው እንደሚችል፣ እንደ እውነቱ ንገሪያቸው። እምቢ ካሉ አልነካቸውም፤ ሥራው ይበላሻል እንጂ አልነካቸውም።» በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ። «እልፌ፣ ያላንቺ ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር።»

እልፌ አለኝ።

መጋቢት 6

ጠየቅኋቸው። ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ናዝሬት መቼም ጥላ ስትመርጥ የምትውል ከተማ ናት፣ እሳቸው ግን ሙቀቱ አይበቃቸውም።

«ኦቦ ሆራ፣ ቀሪ ያላ አለ፤ ሽቦውን ወደ ሌላ ቦታ እናዛውራለን» አልኳቸው።

«እኔ ደህና ነኝ እኮ። ምን ቀረ?»

«ጥቂት ነው።»

ደረታቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «እናንተ ቀረ ካላችሁ ቀርቷል» አሉ። «እኔ ስለ ሽንኩርት እንጂ ስለ ልብ ምን አውቃለሁ?»

እምቢ የሚሉ እንደሆነ ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። አላሉም። ሊብስ እንደሚችል መንገር ነበረብኝ። የሰው ፊት ሲበራ እያዩ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ቀላል አይደለም፤ ያልሞከረው ሰው ይፍረድብኝ።

ለዶክተሩ «እሺ ብለዋል» አልኩት። እውነት ነው፣ ብለዋል።

መጋቢት 8

ተዛወረ። ታች። ቶሎ አለቀ።

መጋቢት 17

እግራቸው መልሶ ማበጥ ጀምሯል። ሁለት ትራስ ጨመርኩላቸው። ዶክተሩ «ልዩነቱ ይሄን ያህል ግልጽ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም» ይላል፤ ደስታ ይሁን ሐዘን ድምፁ አይለይም። ጊዜያቸውን ሲጨርሱ ወደ ላይ ይመልስላቸውና ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ይህ ቁርጥ ነው። ጥቂት ቀን መታገሥ ብቻ ነው።

መጋቢት 24

ቁስለኛ። ቁስለኛ። ኮሪደሩ ከጦር ግንባር በመጡ ወታደሮች ሞልቷል። የልብ ክፍሉን ግማሹን ወስደውብናል። ራጁ ጠዋት ማታ ለስብራት ነው። ሀጂራ ወደ ቁስለኞቹ ተመደበች፤ ሳንታረቅ።

መጋቢት 27

ኦቦ ሆራ ዛሬ የሚገርም ነገር አሉኝ። «ኢንተለ ኮ፣ ሽቦውን ወደ ድሮው ቦታ መልሱልኝ። እዚያ ሳለ ልቤ አያስቸግረኝም ነበር።» እንዴት አወቁት? ማንም አልነገራቸውም። ለዶክተሩ ነገርኩት። ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። «በቃ፤ ጊዜውን አንጠብቅም። ራጁ ነፃ በሆነ ሰዓት ጥሪኝ፣ ወዲያው እመልስላቸዋለሁ» አለ።

መጋቢት 29

ወሰዱት። ዶክተሩን ወደ ምዕራብ ግንባር እንዲዘምት አዘዙት። ትእዛዙ ጠዋት መጣ፣ መኪናው ሲመሽ። ቀኑን ሙሉ ዕቃውን ሰበሰብን። ሸሚዞቹን አጣጠፍኩለት፣ መጻሕፍቱን በካርቶን አሰርኩ፣ የቀሩትን አራት ባትሪዎች ቢሮው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍን። ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። እንዳይሞት አምላኬ።

ራጁ ከሰዓት በኋላ ነፃ ኖሯል። ይህን የሰማሁት አሁን ማታ ነው። ቀን ሀጂራ በበሩ ብቅ ብላ አንድ ነገር ብላኝ ነበር፤ ራጅ ያለች መሰለኝ። ልብ አላልኳትም። ሰው ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ ልብ የሚል ማን አለ!

ሚያዝያ 4

መብራት የለም። እንቅልፍም የለም። አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነበር እኮ። አይ እልፍነሽ! አንድ ሰዓት ከሸሚዝ ላይ መስረቅ አቃተሽ?

ሚያዝያ 9

አዲስ አበባ ደወልኩ። «የምንቀበለው ቁስለኛ ነው» አሉኝ። ሽቦ የሚያዛውር ሰው አላችሁ ወይ ብዬ ለመንኩ፤ ስልኩን ዘጉት።

እብጠት የሚያጎድለው መድኃኒት፣ ላሲክሱ፣ አልቋል። አዴ ዘርፉ መጡ። ጠቁረዋል። ባላቸውን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

ሚያዝያ 13

ኦቦ ሆራ ወደ ቤታቸው ሄዱ። «ዶክተሩ ሲመለስ ሰው ላኪብኝ» አሉ። መኪናው ላይ ሲያወጧቸው ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ለቀልድ እንኳ አልበቃቸውም፤ ቢሆንም ሊሉ ሞከሩ። ያሉት አልገባኝም። ገለቶሚ ያሉ መሰለኝ፣ አመሰግንሻለሁ። ፊቴን አዙሬ ቆየሁ።

ግንቦት 7

ኦቦ ሆራ ሞቱ። ሽንኩርት የጫነ መኪና ረዳት ነው የነገረኝ፤ ከተቀበሩ ሰንብተዋል። ሌላ ነገር ዛሬ አልጽፍም።

ግንቦት 13

ሊቀመንበሩ አገር ጥለው መሄዳቸውን ሬዲዮ ተናገረ። ዋርዱ ውስጥ ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልሳቀም። አንድ እግሩ የተቆረጠ ወታደር ብቻ «እግሬንስ?» አለ።

ግንቦት 19

ወታደሩ በከተማው መሀል እየተበተነ ያልፋል፤ ባዶ እግሩን። ጠብመንጃ በዳቦ ይለወጣል ይላሉ። በር ዘግተናል። ሀጂራ ዋርዱ ውስጥ አጠገቤ ተኛች። «አልፈርድብሽም» አለችኝ በጨለማ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሰኔ 3

መንገዱ ተከፍቷልና ዓለም ጤና ለቅሶ ደረስኩ። ልናገር ነው የሄድኩት። አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉ ሳዘጋጀው ነበር።

አዴ ዘርፉ ደጅ ቁርበት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማሳው አረም ውጦታል። አብረን አለቀስን። ጎረቤቶች ሲነሱ እጃቸውን ያዝኩና ተናገርኩ።

«አዴ ዘርፉ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ሽቦውን ያዛወርነው ብሶባቸው አልነበረም። ኢሳ ያሌ» አልኳቸው። ሞከርንባቸው ማለቴ ነበር።

አንገታቸውን ነቀነቁ። «ኤዬ፣ ያልተን» አሉ። «አክማችሁታል። ዘመድ የማያደርገውን አድርጋችሁለታል። የሞት ቀኑ ሆኖ እንጂ እናንተ ምን አጎደላችሁ?» እንባዬን በነጠላቸው ጠረጉልኝ። ከዚያ ታናሽ እህታቸው እግሯ ማበጥ እንደጀመረ፣ ዶክተሩ ከተመለሰ ሊያመጧት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ።

ሲመሽ ተመለስኩ። ነግሬያቸዋለሁ። የሰሙት እንደ ሰሙት ነው፤ የኔ ድርሻ መናገር ነበር። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፣ አላለኝም።

ሰኔ 15

መጣ! አምላኬ ተመስገን። ከሲታ ሆኗል፣ ጢሙ አድጓል፣ ከምርኮ ለቀውት ነው። መጀመሪያ የጠየቀው ሕመምተኞቹን ነው።

«ሆራስ?»

«ሞቱ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ሽቦው ታች ሳለ?» አለኝ።

«ታች ሳለ።»

«ሳልመልስላቸው» አለ። ራጁ ነፃ እንደነበር ልነግረው አሰብኩ። በጣም ደክሞት ነበር። ሌላ ቀን ይሁን ብዬ ተውኩት። ደግሞ እንዲህ አለ፦ «እንግዲህ ላይኛው ቦታ የሚሻል ሳይሆን አይቀርም። ግን በአንድ ሰው አይባልም። አራት ባትሪ አለን።»

ቁልፉን ሰጠሁት።

ሰኔ 24

አዴ ዘርፉ ዛሬ እህታቸውን ይዘው መጡ። ሴትየዋ ደረጃውን ስትወጣ ትንፋሿ ክፍላችን ድረስ ይሰማ ነበር።

ዶክተሩ እንደ ድሮው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ተናገረ፤ ይልቁንም ከድሮው ጨምሮ። ከዚህ በፊት የሞተ ሰው እንዳለም ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ። ኢረቲ ምላሴ ላይ ነበረች። እምላለሁ፣ ነበረች።

አዴ ዘርፉ ቀደሙኝ። እህታቸውን ትከሻዋን ይዘው በኦሮምኛ «አትፍሪ፤ ሆራ ኢሳንቱ ያሌ» አሏት።

«ምን አሉ?» አለኝ ዶክተሩ።

አማርኛ ላይ ቃሉ ሁለት ነው፤ አንዱን መምረጥ የግድ ነው። ሁለቱም እኔን ይመለከቱ ነበር። እህትየዋም።

«'ሆራን ያከሙት እነዚህ ናቸው' ነው የሚሉት» አልኩት።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሙከራ መሆኑን ግን ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ» አልኩ።

እህትየዋ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። የቀሚሷ ቁልፍ አልፈታ ሲላት ሄጄ ፈታሁላት።